ያለ ደላላ ደንበኛ ማግኘት፦ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለቀለምና ለሴራሚክ ባለሙያዎች የኦንላይን አሠራር

ሙያዬ የቧንቧ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት እስከ ገርጂ ባለው አካባቢ እሠራለሁ። ሰሞኑን ስለ ቧንቧ ከሚደውልልኝ ሰው ይልቅ «አንተ ያለ ደላላ እንዴት ነው ሥራ የምታገኘው?» የሚለኝ የሙያ ጓደኛ በዝቷል። ኤሌክትሪሻኑም፣ ቀለም ቀቢውም፣ ሴራሚክ የሚያነጥፈውም ያንኑ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ችሎታችሁ አይደለም። «ቀብድ በልቶ ይጠፋ ይሆን? ቤቴን ትቼለት ሥራ ብሄድ ምን ይፈጠራል? ነገ ተመልሶ ቢያፈስ ስልኩን ያነሳል?» ነው የሚለው። የምትለጥፉት ማንኛውም ነገር ከነዚህ 3 ጥያቄዎች አንዱን ካልመለሰ ድካም ብቻ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስማርት ስልክ። ውድ መሆን የለበትም።
- በራሳችሁ ስም የወጣ ሲም ካርድ።
- ለሥራ ብቻ የሚሆን የጂሜይል አካውንት።
- በራሳችሁ ስም የተከፈተ ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብ።
- መታወቂያ። ካላችሁ ደግሞ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ሰርተፊኬት።
- ካርቦን ያለው ደብተር። አንዱ ቅጂ ለደንበኛ፣ አንዱ ለእናንተ።
- ፓወር ባንክና ንጹሕ ጨርቅ። ጨርቁ የካሜራውን መስታወት መጥረጊያ ነው፤ እጃችን ቅባትና ሲሚንቶ ስለማያጣው ግማሹ ፎቷችን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

እርምጃ 1፦ ቁጥሩንና ስሙን አስተካክሉ

ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ዛሬውኑ አረጋግጡ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የወንድም ወይም የጓደኛ ሲም ነው። ስልኩ ሲጠፋ ምትክ ሲም የሚሰጠው ቁጥሩ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ያ ሰው ውጭ አገር ከሄደ ወይም ከተጣላችሁ፣ ደንበኞቻችሁ በሙሉ የሚያውቁት ቁጥር በዚያው ቀረ ማለት ነው።

ቀጥሎ አንድ ስም ምረጡ፤ የራሳችሁ ስምና ሙያችሁ ይበቃል። አጻጻፉን አንዴ ወስኑና በየቦታው ሳትቀይሩ ጻፉት። በአማርኛ «ሠ» ይሁን «ሰ»፣ «ፀ» ይሁን «ጸ» ቁረጡ። በእንግሊዝኛም ስማችሁ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጋ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ጋ በሌላ ከሆነ ሰው ሲፈልጋችሁ አያገኛችሁም። ቢያገኛችሁም ያው ሰው መሆናችሁን ይጠራጠራል።

የሌላችሁን አትጻፉ። ንግድ ፈቃድ ሳይኖራችሁ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ብሎ መለጠፍ፣ ደረሰኝ መስጠት ሳትችሉ «ደረሰኝ እንሰጣለን» ማለት ደንበኛው ፊት የሚያጋልጥ ውሸት ነው። ቢሮ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደረሰኝ ነው።

እርምጃ 2፦ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ አንሱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሀ. ሥራ ከመንካታችሁ በፊት አንሱ። የቆማችሁበትን ቦታ ልብ በሉ፤ ስትጨርሱ እዚያው ቆማችሁ ደግማችሁ አንሱ። አንግሉ ከተቀየረ ሰው ሁለቱ ፎቶ የአንድ ቤት መሆኑን አያምንም።

ለ. የሚሸፈነውን ሥራ ሳይሸፈን አንሱ። ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ ያለ ሻወር ቤት ሁሉም ያምራል። ደንበኛ የማያየው ከሥር ያለውን ነው። እኔ የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር ከዘረጋሁ በኋላ ግፊት እሞላለሁ። ከዚያ የጌጁን፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ ንባብ ሰዓቱ በተጻፈበት ወረቀት አጠገብ አነሳለሁ። ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ቆይቼ ደግሜ አነሳለሁ። መርፌው ካልወረደ መስመሩ አያፈስም። ይህን ሁለት ፎቶ አንዴ ያየ ደንበኛ ሌላ ጥያቄ አይጠይቀኝም። ኤሌክትሪሻን ከሆናችሁ ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት የብሬከር ሳጥኑን ውስጥ፣ ቀለም ቀቢ ከሆናችሁ ስቱኮው ተቀብቶ ቀለም ሳይነካው ግድግዳውን አንሱ።

ሐ. የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ማርካው እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ደንበኛ ባለሙያና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተመካክረው ዋጋ ይጨምሩብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ኮሚሽን የሚባለውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። የዕቃውንና የደረሰኙን ፎቶ አንድ ላይ ስትልኩለት ነገሩ እዚያው ያልቃል።

መ. ያጸዳችሁትን ወለል አንሱ። ይሄን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የቤት እመቤቶች ግን ከቧንቧው ይልቅ «ቤቱን አጽድቶ ሄደ» የሚለውን ነው ለጎረቤት የሚያወሩት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ደንበኛውን ሳታስፈቅዱ ምንም አትለጥፉ። ከተፈቀደላችሁም በኋላ የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የበር ቁልፍ፣ ሕፃናትና የቤተሰብ ፎቶ አለመግባቱን እዩ። መስታወትንም እንዳትረሱ። እኔ አንዴ የሻወር ቤት ቪዲዮ ለጥፌ መስታወቱ ውስጥ የቤቱ ልጅ ትታይ ነበር። አባቷ ደወሉልኝ። ወዲያው አጠፋሁት፤ ሰውየው ግን ዳግም አልጠሩኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ሌላም አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፋይል ከላካችሁት፣ ፎቶው የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለሕዝብ የምትለጥፉትን እንደ ተራ ፎቶ ብቻ ላኩ።

እርምጃ 3፦ ጉግል ማፕ ላይ ተመዝገቡ

ሰው ቧንቧ ሲፈነዳበት ቲክቶክ አይከፍትም። ጉግል ላይ ገብቶ ይፈልጋል፣ ቀድሞ የመጣለት ቁጥር ላይ ይደውላል። ስለዚህ ካርታው ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ምዝገባው ነጻ ነው። «በጉግል አስመዘግብልሃለሁ፣ ክፈለኝ» የሚል ሰው የሚሸጥላችሁ ጉልበቱን እንጂ ጉግልን አይደለም።

1. በሥራ ጂሜይላችሁ ገብታችሁ ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ።

2. ስሙ ቦታ ላይ ስማችሁን ብቻ ጻፉ። «ምርጥ ርካሽ ፈጣን ቧንቧ በአዲስ አበባ» ብላችሁ ከሞላችሁት ጉግል ፕሮፋይሉን ሊያግደው ይችላል።

3. ዋናውን የሥራ ዘርፍ ከዝርዝሩ ምረጡ። ዋናው አንድ ብቻ ነው፤ ተጨማሪዎቹን ከሥሩ ታስገባላችሁ። የማትሠሩትን አትጨምሩ።

4. ሱቅ ከሌላችሁ የቤታችሁን አድራሻ ደብቁና የምትሠሩበትን አካባቢ ብቻ አስገቡ። እስከ 20 አካባቢ ይቀበላል። እኔ ግን 4 ወይም 5 ይበቃል እላለሁ። ጀሞ ሥራ ተቀብሎ ከአያት ተነስቶ በትራንስፖርት ሰልፍ መዘግየት እምነት ያሳጣል። የዕቃ ሱቅ አድራሻ ተውሶ መጻፍም ፕሮፋይል ያሳግዳል።

5. የሥራ ሰዓቱን በፈረንጅ ሰዓት ሙሉ። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ጉግል የኛን ሰዓት አያውቅም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለጉግል 8፡00 ኤኤም ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ደግሞ 6፡00 ፒኤም። እኔ መጀመሪያ የሞላሁት ከ2፡00 ኤኤም እስከ 12፡00 ፒኤም ብዬ ነበር። በጉግል ቋንቋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቼ ቀን 6 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ የፈለገኝ ሁሉ «ዝግ» የሚል ሲያይ ከርሟል። የነገረችኝ አንዲት ደንበኛ ናት።

6. ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ነው። ያልተቆራረጠ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ቅረጹ። መጀመሪያ አካባቢውን የሚያሳውቅ ነገር አሳዩ፤ መንገድ፣ ታፔላ፣ የሚታወቅ ሕንፃ። ከዚያ የሥራ መሣሪያችሁን፤ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ስማችሁ ያለበትን የንግድ ወረቀት። የባንክ ሒሳብ፣ የቲን ቁጥርና የሰው ፊት እንዳይገባ። ካልተቀበሉት አትናደዱ፤ የጎደለውን ጨምራችሁ ደግማችሁ ቅረጹ።

7. ከእርምጃ 2 ከሰበሰባችሁት 10 ፎቶ ጫኑ። ከኢንተርኔት የወረደ ያማረ የፈረንጅ ኩሽና አትጫኑ። ማንም ያውቀዋል።

እርምጃ 4፦ የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ

ቻናል እንጂ ግሩፕ አይደለም። ግሩፕ ውስጥ ማንም ይጽፋል፣ የማይታወቅ ሰው በእናንተ ስምና ፎቶ ገብቶ ለደንበኞቻችሁ «ቀብድ ላኩልኝ» ሊል ይችላል። ቻናል ላይ የምትለጥፉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

የቻናሉ ጥቅም ደንበኛ ማምጣት አይመስለኝም። ከጉግል ወይም ከጎረቤት ቁጥራችሁን ያገኘ ሰው «እስቲ ሥራህን አሳየኝ» ሲላችሁ የምትልኩለት አልበም ነው። ስለዚህ የተከታይ ብዛት አያስጨንቃችሁ። ከላይ ፒን የሚደረግ አንድ መልእክት ጻፉ። የኔ ይህን ይመስላል፦

«የቧንቧ ሥራና ጥገና። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ ገርጂ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። የምሠራው፦ የሚያፈስ መስመር፣ ሽንት ቤት፣ የሻወር ማሞቂያ፣ ሮቶ፣ የውሃ ፓምፕ። የማልሠራው፦ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ መጥረግ። አይቶ ዋጋ ለመንገር ክፍያ አለው፤ ሥራው ከተሰጠኝ ይቀነሳል። በእጅ ሥራዬ ላይ የ3 ወር ዋስትና እሰጣለሁ፤ ዕቃው ራሱ ቢበላሽ የሻጩ ዋስትና ነው።»

«የማልሠራው» የሚለውን መስመር አታውጡት። ሁሉን እችላለሁ የሚልን ሰው ማንም አያምንም። ዋጋ ከጻፋችሁ ደግሞ ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። የዕቃ ዋጋ ሲጨምር አምና የለጠፋችሁትን እያሳየ የሚከራከራችሁ ሰው አይጠፋም።

አካውንታችሁን በሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ቆልፉት። በስልክ የሚመጣላችሁን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ «ከቴሌግራም ነው የምንደውለው» ቢልም። አካውንቱ ከተወሰደ ሌባው ደንበኞቻችሁን በእናንተ ስም ነው ገንዘብ የሚጠይቃቸው።

ፌስቡክና ቲክቶክ? ጊዜ ካላችሁ ያንኑ ፎቶና ቪዲዮ ለጥፉበት። ካልሆነ ይቅር። ዋትስአፕ ግን በዚያው ቁጥር ክፈቱ፤ ውጭ ያሉ ደንበኞች ብዙ ጊዜ የሚደውሉት በእሱ ነው።

እርምጃ 5፦ የስልክ፣ የዋጋና የቀብድ ሥርዓት አብጁ

እጃችሁ ውሃ ውስጥ እያለ ስልክ ማንሳት አይቻልም። ጥሪውን ስትዘጉ በቴክስት የሚላክ አጭር መልስ ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ፦ «ሥራ ላይ ነኝ፤ 7 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ችግሩን በቴሌግራም በፎቶ ይላኩልኝ።» በ7 ሰዓትም ደውሉ። መሄጃ መንገዱን በአፍ ከመቀበል ሎኬሽን እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። «ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ ሰማያዊ በር» እያሉ ግማሽ ሰዓት መጥፋት ለሁለታችሁም አይበጅም። ከዘገያችሁ «ደርሻለሁ» አትበሉ። ቁርጡን ተናገሩ።

ዋጋውን ሁልጊዜ በጽሑፍ ስጡ። ትልቅ ከሆነ ፕሮፎርማ፣ ትንሽ ከሆነ በቴሌግራም 4 መስመር ይበቃል፤ ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃው ስንት፣ የእጅ ዋጋ ስንት፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ። ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን መለየት ግድ ነው። ሲደባለቅ ደንበኛው የሆነ ነገር የደበቃችሁት ይመስለዋል።

ቀብድን በተመለከተ፣ የዕቃውን ገንዘብ ብትችሉ ደንበኛው ራሱ ሱቁ ላይ እንዲከፍል አድርጉ። ካልሆነ የዕቃውን ብቻ ተቀብላችሁ በዕለቱ ደረሰኝ ላኩ። የእጅ ዋጋችሁን ሥራው በደረሰበት ልክ ከፋፍላችሁ ጠይቁ። የምትቀበሉበት ሒሳብ በር ላይ ካሳያችሁት መታወቂያ ጋር አንድ ስም ይሁን። «በእህቴ አካውንት አስገቡልኝ» ስትሉ እምነቱ እዚያው ነው የሚሸረሸረው።

በተቃራኒውም ራሳችሁን ጠብቁ። «ከፍያለሁ» ብሎ የሚላክ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን ሳታዩ ከቤቱ አትውጡ።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ የእናቱን ቤት የሚያሠራ ደንበኛ ለብቻው ይታያል። እሱ የሚያየው የላካችሁለትን ብቻ ነው። ማታ ማታ የዕለቱን ፎቶ፣ የወጣውን ገንዘብና የነገውን ሥራ ላኩለት። የመጨረሻውን ርክክብ እናቲቱ ባሉበት በቪዲዮ ጥሪ አድርጉት፤ ቧንቧውን ራሳቸው እየከፈቱ ያሳዩት። እንዲህ ያለ አንድ ደንበኛ የእህቱንም የአክስቱንም ቤት ይሰጣችኋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* መታወቂያችሁን ለግቢው ጥበቃና ለባለቤቱ አሳዩ እንጂ ቻናል ላይ አትለጥፉ። የፋይዳ ቁጥራችሁም እንዳይታይ። ለአጭበርባሪ ስንቅ ማቀበል ነው።

እርምጃ 6፦ አስተያየት ጠይቁ

ጉግል ፕሮፋይላችሁ ውስጥ አስተያየት መጠየቂያ ሊንክ አለ። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። በኪውአር ኮድ አሳትማችሁ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ብትለጥፉትም ያስኬዳል።

ሥራ ጨርሳችሁ በር ላይ ቆማችሁ አትጠይቁ። ሰው ይጨነቃል። ደግሞም የቧንቧ ሥራ የሚታወቀው ሲያድር ነው። በማግስቱ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ትናንት የሠራሁት ቧንቧ እንዴት አደረ? ችግር ካለው ንገሩኝ፣ እመጣለሁ። ጊዜ ካገኙ ደግሞ በዚህ ሊንክ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ምን እንደተሠራና ሰፈሩን ቢጠቅሱ ይበቃል።»

ሰፈሩና የሥራው ዓይነት ለምን? «ጎበዝ ነው» የሚል አስተያየት ለማንም ሊጻፍ ይችላል። «ሰሚት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ውሃ አይወጣልንም ነበር፣ ፓምፑን ቀይሮ አስተካከለ» የሚለው ግን ያው ችግር ያለበትን ጎረቤት ያስደውላል።

አስተያየት በገንዘብ ወይም በቅናሽ መግዛት ጉግል ይከለክላል። ደስ ያለውን ደንበኛ ብቻ እየመረጡ መጠየቅም አይፈቀድም። የዘመድ አዝማድ 15 አስተያየት በአንድ ሳምንት ማስጻፍ ደግሞ ሞኝነት ነው። ሊሰረዝ ይችላል፤ ባይሰረዝም አንባቢ ያሸተዋል። በወር 2 ወይም 3 እውነተኛ አስተያየት ይበቃል።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ በዚያው ምሽት አትመልሱ። ንዴት ይጽፋል። በማግስቱ መጀመሪያ ደውሉ፣ ከዚያ ለሌላ አንባቢ እንደምትጽፉ አድርጋችሁ አጭር መልስ ስጡ፦ «ሐሙስ እመጣለሁ ብዬ ቅዳሜ መምጣቴ እውነት ነው፤ ይቅርታ። አሁንም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያለ ክፍያ መጥቼ አያለሁ።» የደንበኛውን የቤት ጉዳይ ወይም ያልከፈለውን ዕዳ አደባባይ አታውጡ። እውነት ቢኖራችሁም የሚያነበው ሰው «ነገ እኔንም እንዲህ ያደርገኛል» ነው የሚለው።

ብዙ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ቁጥር ቀይሮ ጉግል ላይ አለመቀየር። አሮጌውን ቁጥር ቢያንስ ለጥቂት ወራት ክፍት አቆዩ።
- የሌላን ባለሙያ ሥራ ፎቶ መውሰድ። የሙያው ሰው ብዙ አይደለም፤ ባለቤቱ ያያችኋል።
- «24 ሰዓት» ብሎ መጻፍና ማታ ስልክ ማጥፋት።
- በ3 ቀን 30 ፖስት ለጥፎ 6 ወር መጥፋት። ቻናሉ ሲቆም ሰው ሥራ የተዋችሁ ይመስለዋል። በሳምንት አንድ ሥራ ለጥፉ፣ በቃ።
- ለሁለት ሙያ ሁለት የጉግል ፕሮፋይል መክፈት። እናንተ አንድ ሰው ናችሁ፤ አንዱ ይበቃል።

እርምጃ 7፦ «ከየት አገኙኝ?» ብላችሁ ጠይቁ

ደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ 4 ዓምድ አስምሩ፤ ጉግል፣ ቴሌግራም፣ የድሮ ደንበኛ፣ ሌላ። አዲስ ሰው በደወለ ቁጥር ጠይቃችሁ አንድ ጭረት አድርጉ። ሥራውን ካገኛችሁት ጭረቷን ክበቡት። ከ3 ወር በኋላ ዓምዶቹን ቁጠሩ። ብዙ ጭረት ኖሮት ክብ የሌለው ዓምድ ካለ ሰዎች ያገኟችኋል ግን አያምኗችሁም፤ ወደ እርምጃ 2 እና 5 ተመለሱ። ጭረቱ ራሱ ከሌለ ችግሩ እርምጃ 3 ላይ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።